ክሩ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ አንድ ወር ሊሞላ ነው። እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ያለህበት ቦታ ከእኛው እንደሚሻል ስለማምን ተውኩት። ይህን የምጽፍልህ እዚሁ ካራ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር በቆመችው መኪናህ ውስጥ ሆኜ ነው። የተቀመጥኩት ግን በአንተ ወንበር አይደለም፣ ከጎን ባለው ነው። በሕይወት ሳለህ መቀመጥ የነበረብኝ እዚህ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ፤ ወደ ዋናው ነገር ለመግባት ፊት አጣሁ። እማዬ ደህና ናት። ክረምት ሲገባ እንደ ልማዷ ጉልበቷን ያማታል። የጓሮውን ጎመን አሁንም ራሷ ትኮተኩታለች፣ ላግዝሽ ያላት ሰው ስድብ ይጠግባል። ከበራችን ፊት ለፊት አንተ ገብስ ትዘራበት የነበረው መሬት ላይ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል፤ የጠዋቷን ፀሐይ ወስዶብናል። ጋራዤ እዚያው ወሰን ሰፈር ነው። የኮምፒውተር መመርመሪያም ገዝቻለሁ፣ መኪናው ላይ ስትሰካው ሕመሙን በቁጥር ይነግርሃል። የሚሠራው ለአዳዲሶቹ ነው፤ ያንተዋ መሰኪያውም የላትም። ሰዉ እስከ ዛሬ «የዳሽቦርድ መብራት ያስቸገረህ እንደሆነ ደረጀ ዘንድ ሂድ» ይላል። ድሮ ይህን ስሰማ ደረቴን እነፋ ነበር። አሁን አንገቴን ነው የምደፋው።

አባዬ፣ የምጽፍልህ አፍሬ ነው።

ነገሩ የጀመረበትን ቀን ታስታውሳለህ። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነበር። መሬቱ ወደ ከተማ ገብቶ እርሻው ከቀረ በኋላ፣ በሬዎችህን ሸጠህ፣ ጨምረህበት ይህችን መኪና ስትገዛ አንድ ነገር ለራስህ ቃል ገብተህ ነበር፤ ወር በገባ በአሥራ ስድስት የሰፈሩን አሮጊቶች እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አድርሰህ ልትመልስ። እማማ ጥሩነሽ ከፊት፣ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ከኋላ፣ የጸበሉ ጀሪካን በእግራቸው መሐል። ያን ዕለት ከሰዓት ወሰን መጣህና፣ «ዳገቱ መሐል ስደርስ የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ ይበራሉ። የነዳጁም የሙቀቱም ቀስት ያብዳል። ፍሬቻ ሳሳይ ደግሞ ሁሉም ተያይዘው ብልጭ ድርግም ይላሉ» አልከኝ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ባትሪውን ለካሁ፣ ዲናሞውን ለካሁ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። አንድም ነገር አጣሁባት። ደህና ናት ብዬ ሸኘሁህ። በወሩ ተመልሰህ ያንኑ ነገርከኝ፤ ያንኑ ለካሁ፣ ያንኑ መለስኩልህ። አራት ጊዜ መጣህ። አራቱንም ጊዜ የመረመርኳት እዚያው ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ውኃ ብታፈስበት የሚሄድበት የሚያጣ ሜዳ ላይ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የምትለኝ አንተ ነበርህ፤ እኔ ግን አለባብሼ እያረስኩ አረሙን ላንተ አስታቀፍኩህ።

«በሬ ሲያነክስ ቆሞ አይታይም ደረጀ። ዳገት አስወጥተህ ነው የምታየው። ከእኔ ጋር ውጣና እይ» አልከኝ።

«አባዬ፣ መኪና በሬ አይደለም» አልኩህ። ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንተም ትንሽ ፈገግ ብለህ ኮፍያህን አደረግህና ሄድክ። ያቺን ፈገግታህን አሁን ሳስታውሳት ፊቴን የማስገባበት አጣለሁ።

በሦስተኛው መምጫህ መዳፍህን ዘርግተህ አንድ አጭር ብሎን አሳየኸኝ። «ምንጣፉ ላይ፣ እግሬ ሥር አገኘሁት። ከየት ወድቆ ይሆን?» አልክ። እኔ የሰው መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። አንገቴን እንኳ ቀና አላደረግሁም። «አሮጌ መኪና ብሎን ያራግፋል፣ ጣለው» አልኩህ። ወድቆ የተገኘ ብሎን የወጣበት ቀዳዳ እንዳለው ለማወቅ ኤሌክትሪክ መማር አያስፈልግም። ሥራ ልልመድ ብሎ የሚመጣን ሁሉ የመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህንኑ ነው። አባቴ ሲጠይቀኝ ግን ጣለው አልኩ።

አልጣልከውም። በክር አስረህ ከኋላ ማሳያ መስታወቱ ላይ አንጠለጠልከው። ከደም ግፊት መድኃኒትህ ካርቶን ቆርጠህ ጎኑ ለጠፍክበት፣ ካርቶኑ ላይም በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመርክ። «መኪናዋ ሽቅብ ስትል ብሎኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክሩ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ነው የሚበራው። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው» ብለህ አስረዳኸኝ። ዛሬ ቢሆን እንዲህ ለክቶ የሚመጣ ደንበኛ እጁን ስሜ እቀበለው ነበር። ያኔ ግን አባቴ ጃጀ ብዬ ደነገጥኩ።

ቀጥሎ ያ ክፉ ቀን መጣ። ዳገቱ ላይ መብራቶቹ ሲበሩብህ ሞተሩ እንዳይነድ ፈርተህ መሐል መንገድ ቆምክ። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና አንተንም አሮጊቶቹንም ለጥቂት ሳታችሁ። ትራፊክ ደውሎልኝ መጣሁ፣ መኪናዋ ተጎትታ ወሰን ወረደች፤ ጋራዡ ስትገባ እንደ ልማዷ ምንም የላትም። ደንበኞቼ ቆመው ያያሉ። የገዛ አባቱን መኪና መሥራት አቃተው ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። ስለ ነፍስህ ፈርቼ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍርሃቱ እኩል ስለ ስሜ ተቆጥቼ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ያደረግሁትን አድርጌያለሁ። ጋሽ ንጉሤ ዘንድ ሄድኩ፣ የእድራችሁ ሰብሳቢ ናቸውና። ኦቦ ገመዳ ዘንድ ሄድኩ፣ በልጅነታችሁ በሬ አቀናጅታችሁ ያረሳችሁ ወዳጅህ ናቸውና። የንስሐ አባታችንንም ጨመርኩ። አእምሮው እየሳተ ነው፣ ሰው ከመግደሉ በፊት ቁልፉን ያስረክብ አልኳቸው። ማስረጃ ሲጠይቁኝ ብሎኑን ነገርኳቸው። እሱም ብቻውን አልበቃ ብሎኝ «ከብሎን ጋር ያወራል» ብዬ ጨመርኩበት። አንተ ከብሎን ጋር አውርተህ አታውቅም። ያንን ከራሴ ነው ያወጣሁት።

አንተ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የድንበር ጠበኛ ያስታረቅህ ሰው ነህ። ቤትህ የገባ ሽማግሌ እንዳፈረ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ያንን ስለማውቅ ነው የላክሁብህ። ሦስቱም ሳሎኑ መሐል ቆመው፣ «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉህ። እማዬ ወንበር ይዛ ትለምናቸዋለች። አንተ እነሱን አላየህም፤ በሩ ጋ የቆምኩትን እኔን ነው ያየኸኝ። ከዚያ «ለእናንተ ስል እሺ» አልክና ወደ ግቢ ወጣህ። የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ ጠርገህ፣ በሮቿን ዘግተህ ተመለስክ። ቁልፉን ለጋሽ ንጉሤ ሰጠሃቸው። ለእኔ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ አሥር ወር ኖርክ። ጠዋት ጠዋት እየወጣህ ቁልፍ የሌላት መኪና ውስጥ ትቀመጥ ነበር፤ እኔም ይኸው፣ አላልኳችሁም እል ነበር። እነ እማማ ጥሩነሽ ወደ ኪዳነ ምሕረት መሄዱን ተዉት፣ ታክሲ እየቀያየሩ ያን ዳገት የሚወጣ ጉልበት የላቸውም። አንተ ግን አንዴ በአሥራ ስድስት ሳንሰማህ ወጥተህ፣ ሦስት ታክሲ ይዘህ፣ የቀረውን በእግርህ ደርሰህ፣ ከሰዓት ጫማህ አቧራ ለብሶ መጣህ። እማዬ እንደ ልጅ ተቆጣችህ። ብቻውን እንዳይወጣ ብዬ ያስጠነቀቅኋት እኔ ነበርኩ። አንተ አጎንብሰህ ጫማህን ትፈታ ነበር።

የገደልኩህ እኔ ነኝ አልልም። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል፣ አምነዋለሁ። ለቅሶው ላይ ግን ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ «መጨረሻው ላይ ትንሽ አእምሮው ደክሞ ነበር» እያልኩ መለስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከንፈር ተመጠጠልህ። ያን ያህል ዘመን በማስተዋልህ የተከበርክበት ሰፈር በእኔ አፍ አዘነልህ። የቀበርኩህ ሁለት ጊዜ ነው አባዬ።

ሙት ዓመትህን እዚያው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አደረግነው። የእኔ መኪና ፍሪሲዮኗ ተበላሽቶ ስለነበር ያንተዋን ሸራዋን ገፍፌ፣ አዲስ ባትሪ አስገብቼ አስነሣኋት። ድፎ ዳቦውንና የጠላውን ጀሪካን ከኋላ ጫንን፣ እማዬ ከጎኔ ተቀመጠች። ብሎንህ እንደተንጠለጠለ ነበር። ያልበጠስኩት ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ፤ ዞር ብሎ ያየው ስላልነበረ ብቻ ነው። ፈረንሳይ ሰፈርን አልፈን ከባሕር ዛፎቹ መሐል ዳገቱን ስንያያዘው ብሎኑ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደ። ሳላስበው ዓይኔ ተከተለው። ክሩ ቀዩን መስመር ነካ።

መብራቶቹ ሁሉ በሩ። የነዳጁም የሙቀቱም ቀስት ዘለለ። ዳር ልይዝ ፍሬቻ ሳሳይ ሁሉም ተያይዘው ብልጭ ድርግም አሉ። ከነገርከኝ ላይ አንዲት ቃል አልጎደለችም።

እማዬ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ምንም አይደለም፣ ባትሪው አዲስ ስለሆነ ነው» አልኳት። ሥራ ከጀመረ ሳምንት የሆነው ልጅ እንኳ የማያምነው ውሸት ነው።

ዳቦህ ሲቆረስ፣ ጸሎቱ ሲደረስ እኔ የማስበው ስለ ሽቦ ነበር። ብሎኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባም አንድ የተፈታ ነገር አብሮት ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ነው። የመብራቶቹን ሁሉ ኤሌክትሪክ ወደ መኪናዋ ብረት የሚመልስ አንድ ሽቦ አለ። እሱ ሜዳ ላይ ብረቱን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ዳገት ላይ የሽቦዎቹ እስር ሲንሸራተት ይጎትተውና ይለቃል። ስትወርድ ደግሞ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ለዚህ ነው ጋራዥ ስትደርስ ሁልጊዜ ደህና የምትሆነው። ይህን ለማወቅ አንዴ አብሬህ ብወጣ ይበቃኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋውን ልንገርህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። በድብቅ ልጠግናት እችል ነበር፤ ብጠግናት ማንም አያውቅም። ያንተ ስም ጃጀ እንደተባለ ይቀራል፣ የእኔም ስም እንደ ባለሙያ ይቀጥላል። አንድ ቀን ካቻቢቴ ይዤ በሯን ከፍቻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እንዳይጠራ ፊቱ ቆሜበት ነበር።

ያስጣለችኝ እማዬ ናት። ጎመኑን እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ያን ቀን የበራው አባትህ ይለው የነበረው ነው፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እኔም እኮ አንተን ነው ያመንኩት» አለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ሦስቱን ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቄ መኪናህ ውስጥ አስገባኋቸው። ጋሽ ንጉሤ ከፊት፣ ኦቦ ገመዳና የንስሐ አባታችን ከኋላ። ይህችን ብሎን እያያችሁ ተቀመጡ ብቻ አልኳቸው። ዳገቱ ላይ ክሩ ቀዩን ነካ፣ መብራቶቹ በሩ። ዳር አቁሜ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዤ፣ ከብሎን ጋር ያወራል ያልኩት ውሸት መሆኑን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጋሽ ንጉሤ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ቁልፉን የተቀበልኩት በዚህ እጄ ነው» አሉ። ኦቦ ገመዳ ከኋላ ተንጠራርተው ብሎኑን በጣታቸው ነካ አደረጉትና፣ እያለቀሱ ሳቁ። «ዱጋ! እውነት! እውነቱን ነበር። ስናርስም እኮ ሳያይ አይናገርም ነበር» አሉ። ይቅር በሉኝ ብዬ ወደ ንስሐ አባታችን ዞርኩ። እሳቸው ግን ቶሎ የሚለቁ ሰው አይደሉም፣ ታውቃቸዋለህ። «ለእኛ ስለነገርከን ተገላገልኩ እንዳትል። ለቅሶው ላይ ለሰማው ሰው ሁሉ ንገር» አሉኝ።

ያለፈው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «አባቴ አእምሮው አልደከመም ነበር። መኪናዋ ታማ ነበር፣ እሱም ሕመሟን ለክቶ ነግሮኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ያላመነ ካለ መኪናዋ እንዳለች ናት፣ ወጥቼ አሳየዋለሁ» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ አሁን ግን ለእኔ ነው። ሁለት ደንበኞቼ እዚያው ተቀምጠው ነበር። እማማ ጥሩነሽ ከሴቶቹ በኩል ተነሥተው፣ «እኔስ ድሮም መብራቱን ሲበራ አይቻለሁ፤ ማን ጠይቆኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በየወሩ ከጎንህ ይቀመጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬ ከሰዓት ጠገንኳት። የመብራቶቹን ሳጥን ከዳሽቦርዱ አወጣሁ። ከጀርባው፣ በግራ በኩል፣ ጫፉ ቀለበት የሆነ ጥቁር ሽቦ ብረቱን ተደግፎ ተኝቷል። ብረቱ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ። ብሎንህን ከክሩ ፈታሁትና ሞከርኩት። በጣቴ ብቻ ሁለት ዙር ገባ። የቀረውን በቁልፍ አጠበቅሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እዚያው መሪው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ አለቀስኩ። አሥር ወር የወሰድኩብህ በአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። መልሱን በመዳፍህ ይዘህልኝ ስትመጣ ጣለው ብዬሃለሁ።

አሁን ይቅር በለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብኛል። እዚያው ዳገቱ ላይ፣ እዚያው ጋራዡ ውስጥ መባል የነበረበት ነው። ቢሆንም ይቅር በለኝ።

ካርቶንህን አላነሣሁትም፤ ክሩም ባዶውን ተንጠልጥሏል። በአሥራ ስድስት እነ እማማ ጥሩነሽን ይዤ እወጣለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ ጀሪካናቸውን ከአሁኑ አጥበው ደጃፍ ላይ ደፍተውታል። እስካለሁ ድረስ ያንተ አሥራ ስድስት አይታጎልም።

ትናንት ደግሞ አንድ አዛውንት ያረጀች ሚኒባስ ይዘው ወሰን መጡ። «ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ነው የምታስቸግረኝ። ሁለት ጋራዥ ወስጃት ምንም የላትም አሉኝ» አሉና ቁልፋቸውን ዘረጉልኝ። የዘረጉት እጅ ያንተን እጅ መሰለኝ። ቁልፉን አልተቀበልኳቸውም። «እርስዎ ይንዱ አባቴ፣ እኔ ከጎንዎ ሆኜ አያለሁ» አልኳቸውና የወዲያኛውን በር ከፍቼ ገባሁ።

ዘግይቶ የሰማህ ልጅህ፣
ደረጀ